ያለ ትእዛዝ የሚሰበሰቡ ባልንጀሮች

አንድ ወታደር በጡረታ ሲሰናበት የተረከበውን ንብረት ሁሉ በቅጽ ያስረክባል። ጠመንጃው በቁጥሩ፣ ብርድ ልብሱ በብዛቱ፣ ኮዳውና ቀበቶው በዝርዝር ይመዘገባሉ። የንብረት ክፍሉ ሹም ይፈርማል፤ ሰውየውም ከዕዳ ነጻ መሆኑ ተረጋግጦ በክብር ይሸኛል። በዚያ ቅጽ ላይ የማይሰፍር አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ይኸውም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት አብሮት የበላው፣ አብሮት ዘብ የቆመውና አብሮት የደከመው ባልደረባው ነው። ወታደሩ ከሠፈር በወጣ ማግሥት ማለዳ የሚቀሰቅሰው ፉጨት የለም፤ ስም ጠሪ የለም፤ ቁርስ ሲቀርብ ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው የለም።

የሠራዊት ኑሮ ባልንጀራን በትእዛዝ ይሰጠናል። ማን ከማን ጋር በአንድ ድንኳን እንደሚያድር፣ ማን ከማን ጋር ለጥበቃ እንደሚወጣ የሚወስነው የአለቃ ስም ዝርዝር ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ባልንጀራን ይዞ መቆየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ሳንማረው ዓመታት ያልፋሉ። ትእዛዙ ሲቆም ባልንጀርነቱም አብሮ የሚቆም ይመስለናል። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ገጻችን ልናወሳቸው የፈለግነው፣ ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን በየሳምንቱ በእግራቸው የሚያስመሰክሩ አዛውንቶችን ነው።

በቢሾፍቱ ከተማ ዘወትር ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ አሥራ ሁለት ያህል ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ጋቢ ደርቧል፤ ሌላው አሮጌ ካፖርት ለብሷል፤ ከዘራ ያልያዘ ጥቂት ነው። ሁሉም በአንድ ወቅት መለዮ ለባሾች ነበሩ። ከመካከላቸው የእግረኛ ጦር ሻለቃ አለ፤ የአውሮፕላን መካኒክ አለ፤ የሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ድሬሰር፣ ወጥ ቤት፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛና የከባድ መኪና ሾፌር አሉ። ማኅተም የላቸውም፤ መተዳደሪያ ደንብ አልጻፉም፤ መዋጮም የለባቸውም። ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ሻለቃው «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ይላል፤ ይነሣሉ፤ መንገድ ይጀምራሉ።

እኛ ወደ እነርሱ የገባነው በእንግድነት ነው። ሥራችን የሠራዊቱን ሞራል የሚመለከት በመሆኑ ስለ ጡረተኞች ኑሮ ጥቂት ለመጻፍ አስበን አንድ ቅዳሜ አብረናቸው እንድንጓዝ ጠየቅን። አንዱ ቅዳሜ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ እየተደራረቡ ዓመት ሞሉ። ዕድሜያችን ገና ሠላሳ ያልሞላ በመሆኑ በመጀመሪያው ቀን የመካኒኩ አስተያየት «ልጄ፣ ይህ ሰልፍ አይደለም፤ ኋላ ማን እንዳለ እያየህ ሂድ» የሚል ነበር። ይህች ንግግር የመላው ማኅበራቸው ሕግ መሆኗን የተረዳነው ከጊዜ በኋላ ነው።

ስለሚጓዙበት አገር ጥቂት እንበል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ስሟን የምትጋራው የቢሾፍቱ ሐይቅ በዙሪያዋ ይገኛሉ። ከሐይቆቹ ብዙዎቹ በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ናቸው። በዚህም ምክንያት ተጓዡ በሜዳ ላይ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ከገደል አፋፍ ይደርሳል፤ ውሃውንም ቁልቁል ያየዋል። በስተሰሜን የረር፣ በስተደቡብ ምዕራብ ዝቋላ ቆመዋል። ዝቋላ በአናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ ነው፤ ከአዛውንቶቹ ሁለቱ በጉልበታቸው ዘመን ለጥቅምት 5 እና ለመጋቢት 5 ክብረ በዓል በእግር ወጥተውታል። ዛሬ ከሩቅ ሆነው ባርኔጣቸውን ያነሡለታል።

መንገዳቸው እንደ ወራቱ ይለዋወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ከጫማ ጋር ስለሚጣበቅ ከጥርጊያው መንገድ አይወጡም፤ ገበሬው ግን በዚያው ጭቃ ውስጥ ጤፉን ይዘራል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። በመስከረም ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ስለሚከበር በዋዜማው ቅዳሜ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ያን ቀን አዛውንቶቹ የሚጓዙት አጭር መንገድ ነው፤ የቀረውን ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰውን ሲመለከቱ ያሳልፉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፉ አጨዳና ውቂያ ይመጣል። የገበሬ ልጅ የሆነው ወጥ ቤት ከአውድማው ሳይደርስ በገለባው ሽታ ብቻ ምርቱ ደግ ይሁን አይሁን እንደሚያውቅ ይናገራል። ሌሎቹ አያምኑትም፤ በየዓመቱ ግን ይጠይቁታል።

በመንገድ ላይ የሚጠብቋቸው ሦስት ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ማዕረግ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ይቀራል። ሻለቃውና አሥር አለቃው «አንተ» ይባባላሉ። ሁለተኛው፣ ከሁሉ ቀርፋፋ የሆነው ሰው ፊት ይሄዳል፤ የቀሩት በእርሱ እርምጃ ይለካሉ። ድሬሰሩ ምክንያቱን ሲያስረዳን፣ ደካማ ሰው ከኋላ ከተተወ በየመታጠፊያው ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች አርፈው፣ እርሱ ሲደርስባቸው ይነሣሉ፤ በመሆኑም ከሁሉ ይበልጥ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ዕረፍት የማያገኝ ብቸኛ ሰው ይሆናል አለን። በአካዳሚ ስለ ሰልፍ ጉዞ ብዙ ተምረናል፤ ነገሩን በዚህ መልክ ያስረዳን ግን ድሬሰሩ ነው። ሦስተኛው ልማድ ከሁሉ የላቀ ነው። አንድ ሰው ሳያሳውቅ ከቀረ፣ የዚያን ቀን ጉዞ የሚያበቃው በእርሱ ደጅ ነው።

ከእድር ጋር የሚያመሳስለው ብዙ ነገር አለ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ከብቦ ይቀመጣል፤ ቀብሩን ያሳምራል። ይህ የአገራችን ታላቅ ሀብት ነው። ሆኖም ሰው በቁሙ ሳለ ቀስ በቀስ ከሰው ሲርቅ ድንኳን አይተከልለትም። የእነዚህ አዛውንቶች ማኅበር በዚህ ክፍት ቦታ ላይ የተቀመጠ ነው። ለዚህም ከላይ የጠቀስነውን ሾፌር ታሪክ ማስረጃ አድርገን እናቀርባለን።

ሾፌሩ በአገልግሎት ዘመኑ በሌሊት ጉዞ ኮንቮይ የሚመራ፣ በዓይኑ የሚታመን ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓይኑ ከዳርና ዳር መጨለም ጀመረ። ሳያመው፣ ሳይቀላና ሳያብጥ ብዙ ከቆየ በኋላ ግላኮማ መሆኑ ተነገረው። ይህ በሽታ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ሲሆን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ በጊዜ የታወቀ እንደሆነ ግን በመድኃኒት የቀረውን ማቆየት ይቻላል። ስለሆነም ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ አንባቢ ሁሉ ዓይኑን እንዲታይ በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን። ሾፌሩ መንገድ ከሳተና ከድንጋይ ጋር ከተጋጨ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። ባለቤቱ ለድሬሰሩ ሚስት ስትናገር «ከስንት ጦር ሜዳ በሰላም የተመለሰ ሰው በገዛ ጓዳዬ ጠፋብኝ» አለች። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ተኝቷል ይባላል፤ ምግቡን ለብቻው ይበላል። ዓይኑ መጥፋቱን ቀስ በቀስ እየለመደው ነበር፤ ያልቻለው እየተመራ መታየቱን ነው።

አዛውንቶቹ ይህን በሰሙ ጊዜ ሊመክሩት አልገቡም። ያደረጉት መንገዳቸውን ማዞር ነው። ሦስት ቅዳሜ ተከታትለው በደጁ ቆሙ፤ ስሙን ጠሩ፤ «እኛ ነን፤ እየሄድን ነው» አሉና አለፉ። ከውስጥ መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ከመካከላቸው አንዱ «ሰውየው አልፈልግም ካለ ምን ማስቸገር ነው?» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ሻለቃው የመለሰው «አልፈልግም አላለም፤ ዝም ነው ያለው» በማለት ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ በደጁ የተገኘው የግምጃ ቤቱ ሰው ነበር። ይህ ሰውና ሾፌሩ ለብዙ ዓመታት ኩርፊያ ነበራቸው። ምክንያቱም በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ የመኪና ክሪክ ጠፍቶ፣ የግምጃ ቤቱ ሰው በመዝገቡ መሠረት ሂሳቡን ከሾፌሩ ደመወዝ አስቆርጦ ነበር። ሾፌሩ ክሪኩን መመለሱን እስከዛሬ ይምላል፤ የግምጃ ቤቱ ሰው መዝገቡ አይዋሽም ይላል። በጉዞ ላይም ሁለቱ በአንድ ወገን አይሄዱም ነበር። ያን ቀን ግን የግምጃ ቤቱ ሰው ረዥም ከዘራ ይዞ ገባ፤ እኛም ከደጅ ሆነን ሰማን።

«የክሪኩን ጉዳይ ልንጨርስ መጥቻለሁ» አለ።

ሾፌሩ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አገኘኸው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«አላገኘሁትም። ውጣና አብረን በመንገድ እንፈልገው።»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ባለቤቱ በኋላ እንደነገረችን፣ ያ ሳቅ በዚያ ቤት ውስጥ ከወራት በኋላ የተሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሾፌሩ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ። የከዘራውን አንድ ጫፍ የግምጃ ቤቱ ሰው፣ ሌላውን ጫፍ እርሱ ያዙ። እጅ ለእጅ አልተያያዙም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዕቃ ተሸክመው የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ደርሰው ተመለሱ። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። ዛሬ ሾፌሩ ከሁሉም ፊት እየሄደ ባቦጋያ አፋፍ ይደርሳል፤ ደንቡ ነውና የቀሩት በእርሱ እርምጃ ይለካሉ።

የግምጃ ቤቱ ሰው በመንገድ ላይ የሚታየውን ሁሉ ይነግረዋል። የሚነግረው ግን እንደ ልማዱ በቆጠራ ነው። «አንድ ሐይቅ፤ ሁለት አህያ ከነጭነታቸው፤ ሴቶች አራት፤ እንስራ ሦስት፤ ደመና በየረር በኩል አንድ፣ አነስተኛ» ይላል። ሾፌሩም ጆሮውን አቅንቶ «አህዮቹ ሦስት ናቸው፤ ኮቴ ቁጠር። ድሮም አጉድለህ ነው የምትመዘግበው» ይለዋል። ከዚያ ስለ ክሪኩ ክርክራቸው ይቀጥላል። እስከምናውቀው ድረስ ክርክሩ አልተፈታም፤ ሁለቱም እንዲፈታ የሚፈልጉ አይመስለንም።

በዕረፍታቸው ሰዓት ቆሎ እየቆረጠሙ ከሚያወጓቸው ወጎች ለሁሉም የሚጣፍጠው የሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ይህ ታላቅ የክብር ዘበኛ ወታደር እነዚህን መንገዶች በሩጫ የሚያውቅ ሰው ነበርና። በ1957 ዓ.ም. መስከረም፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በዚህችው ያን ጊዜ ደብረ ዘይት በምትባል ከተማ ልምምድ ሲያደርግ ታመመ፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በጥቅምት ግን ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ በዓለም ክብረ ወሰን ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ አገኘ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሕመሙ ጸንቶበት ሩጫውን ሳያጋምስ ሲያቋርጥ፣ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ድሉን ለአገሩ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር የስቶክ ማንደቪል ውድድር ላይ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ ቀስት ወርውሯል። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ይህን ታሪክ በተናገረ ቁጥር የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሾፌሩ አይመለከትም፤ ትምህርቱን አይተነትንም። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስት ግን ዓይን ይፈልጋል» ሲል ሁሉም ሳቁ፤ እርሱም ከሁሉ ይበልጥ ሳቀ።

የዚህ ጉዞ ጥቅም በቤት ውስጥም ይታያል። የአዛውንቶቹን ባለቤቶች ጠይቀን ነበር። አንዷ እትዬ «ቅዳሜ እርሱ ሲወጣ ቤቱን እንደ ልቤ እጠርጋለሁ፤ ሲመለስ ደግሞ የሚያወራው አለው» አሉን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር በዓመት ጥቂት ቀናት ፈቃድ ቤቱን ይጎበኛል፤ ጡረታ ሲወጣ ግን ሙሉ ቀን በቤት ይውላል። ሚስት ለብዙ ዓመታት ብቻዋን ስትመራው በኖረችው ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው አለቃ ይጨመራል። ከዚህ ብዙ ጭቅጭቅ ይወለዳል። ባል የራሱ ባልንጀሮች ያሉት እንደሆነ ሚስት የወሬውም፣ የቅሬታውም፣ የዝምታውም ተሸካሚ ሆና አትቀርም።

የሾፌሩ ባለቤት ግን ሌላ ጥያቄ አንሥታለች። «ለእናንተ መንገድ ተገኘላችሁ፤ እኛስ ብቸኝነት አያውቀንም?» አለች። በዚያ ጠዋት መልስ ያገኘ ሽማግሌ አልነበረም። ሚስቶቹ መልሱን ሳይጠብቁ በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አብረው መጓዝ ጀመሩ። በዚያ ቀን ዕረፍቱ ይረዝማል፤ በፌርሙዝ ቡና፣ በሳህን ዳቦ ይመጣል። ወጥ ቤቱ ስለ ዳቦው የሰጠውን አስተያየት ለቤተሰብ ሰላም ስንል ከመጻፍ ተቆጥበናል።

የጤና ባለሙያዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አይናገሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በተጨማሪ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛናቸውን የሚያጸናና ጡንቻቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያደርጉ ከመውደቅ ይጠበቃሉ። ድሬሰሩ ይህን አስልቶ፣ የቅዳሜው ጉዞ ያለ ዕረፍቱ 120 ደቂቃ ስለሆነ የቀረውን 30 ደቂቃ እያንዳንዱ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግሩ በመሄድ እንዲሞላ ወስኗል። ይኸው ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለዕድሜ ማጠር ጭምር ምክንያት እንደሚሆን አስታውቋል። ሾፌሩ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠባቸው ወራት የሚሰጋለት ዓይኑ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ገና በአገልግሎት ላይ ያለን ወታደሮች ከዚህ ምን እንወስዳለን? ጡረታ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በዝውውር የተለየን ባልደረባ ካለ ዛሬውኑ በስልክ እንጥራው። በፈቃድ ቤታችን ስንገባ ከሚስታችን ጋር አንድ ማለዳ በእግራችን እንውጣ፤ ልጆቹም ይከተሉ። ያኮረፍነው ሰው ካለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይወሰንም አብሮ መሄድ እንደሚቻል ከግምጃ ቤቱና ከሾፌሩ አይተናል። ከሁሉ በላይ፣ በየሳምንቱ የማይቀር አንድ ቀንና አንድ ቦታ ከባልንጀሮቻችን ጋር እንቁረጥ። ሰው ባልንጀራውን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ተጣልቶ አይደለም፤ «አንድ ቀን እንገናኛለን» እየተባባለ ነው። አዛውንቶቹ «አንድ ቀን» አይሉም፤ «ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ይላሉ።

እናንተም የሠራዊቱ ባለቤቶች፣ ባላችሁ በጡረታ የሚመለስበት ዘመን ሲቃረብ፣ በየሰፈራችሁ ያሉትን ጡረተኞች ከወዲሁ እወቋቸው፤ እነርሱም ይወቁት። ሰውየው ዝም ያለ፣ ደጁን የዘጋ እንደሆነ ለብቻችሁ አትሸከሙት፤ የሾፌሩ ባለቤት እንዳደረገችው ለአንድ ሰው ተናገሩ። ያች አንዲት ቃል ናት ከአንድ ሚስት ወደ ሌላ ሚስት ተሻግራ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችን ከመንገዳቸው ያዞረች።

ባለፈው ቅዳሜ ሻለቃው ጉልበቱን ስላመመው ተራው የእርሱ ሆነ፤ ከሁሉም ፊት ቆመ። ሾፌሩ የከዘራውን ጫፍ እንደያዘ ከኋላው ሆኖ «ቀስ በል፤ ማንም አይቸኩልም» አለው። ሁሉም በሻለቃው እርምጃ ወደ ሆራ ወረዱ።